ዝናብ ሳይኖር ስለተዘረጋው ቢጫ ጃንጥላ

ለተከበሩ የአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ጥበቃ ኃላፊ፣

ባሉበት ሙሉ ጤና እንዲበዛልዎ፣ የልብ ሕመም ደጃፍዎን እንዳይረግጥ፣ ኪኒን የሚያስፈልግዎ ቀን ቢመጣም ኪኒንዎ ከእጅዎ እንዳይርቅ እየተመኘሁ፣ እጅ ነስቼ ይህን እጽፍልዎታለሁ። እኔ ባለፈው ወር «አጠራጣሪ ግለሰብ» ብለው ከአጥሩ ሥር ያስያዙት ጡረተኛ አናጺ የበኩር ልጅ ነኝ።

አባቴ አውሮፕላን ማየት የጀመረው ታናሽ እህቴ ረዳት አብራሪ ከሆነች ወዲህ ነው። ወደ ማታ ግድም በረራ ባላት ቁጥር፣ አውሮፕላን ለማየት ከሚሰበሰቡት ሰዎች ጋር ከአጥሩ መብራት ሥር ይቆማል፤ ከሌላው ሰው እንድትለየውም ቢጫ ጃንጥላውን ይዘረጋል። እሷ በዚያ በኩል ስታልፍ የክንፉን መብራት ቦግ እልም ታደርግለታለች። ከዚያ ቤቱ ገብቶ እራቱን ይበላል። የደረሱበት ሴራ ይኸው ነው።

እንግዲህ ቅሬታዬን፣ ይቅርታ፣ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

1ኛ. ሰማዩ ጥርት ባለበት ምሽት ጃንጥላ የዘረጋ ሽማግሌ ለጠላት ምልክት እየሰጠ መሆኑን ስላወቁ አደንቅዎታለሁ። አብራሪዋ ልጄ ናት ቢልዎ፣ የአናጺ ልጅ ከመቼ ወዲህ ብለው በመሳቅዎም ቤተሰባችን ልኩን እንዲያውቅ ረድተውናል።

2ኛ. ጃንጥላውንና ኮቱን በኤግዚቢትነት ስላስቀመጡልን እናመሰግናለን። የልቡ ኪኒን በኮቱ ኪስ ውስጥ ነበር። አብሮት ተይዞ የነበረው ፎቶ አንሺ እንደነገረኝ፣ አባቴ ኪኒኑን ደጋግሞ ሲለምንዎ፣ ኤግዚቢት ያለ ፊርማ እንደማይነካ፣ ፈራሚውም ነገ እንደሚገባ በትዕግሥት አስረድተውታል። እንዲህ ያለ ሕግ አክባሪ በየመሥሪያ ቤቱ ቢኖር የት በደረስን ነበር።

3ኛ. ከተጠርጣሪ ዕውቀት ለመቅሰም አለመኩራትዎን ሳልጠቅስ አላልፍም። በቅርቡ ለስብሰባ እንደሚበሩ፣ አውሮፕላን ግን ክፉኛ እንደሚፈሩ አጫውተውት ጥያቄውን አዥጎደጎዱበት አሉ። አብራሪዎች እንቅልፍ ቢጥላቸውስ? ሁለቱ ለምን የተለያየ ምግብ ይበላሉ? አየር ላይ ሲንገጫገጭ ክንፉ አይገነጠልም ወይ? አባቴም ደረቱን በእጁ ይዞ፣ ላብ በላብ ሆኖ፣ ከልጁ የሰማውን ሁሉ መለሰልዎ፤ በረጅም በረራ በየተራ እንደሚያርፉ፣ ምግቡ አንዱን ቢያሳምም ሌላው እንዲተርፍ መሆኑን፣ ክንፉም እንዲለመጥ ተደርጎ እንደተሠራ ነገረዎ። አይፍሩ፣ አይዞዎት አለዎ። አውሮፕላኑ ሊነሳ ሲል መብራት የሚጠፋውና የሚበራው ለምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ግን ሳይመልስልዎ ከወንበሩ ወደቀ። ሐኪም ቤት ሳይደርስ አረፈ።

እህቴ ያን ምሽት መብራቱን ቦግ አድርጋ ጃንጥላውን ስታጣው፣ ጉንፋን ይዞት ይሆናል ብላ ሄደች። መርዶውን የነገርኳት ስትመለስ ነው። እዚህ ላይ ብዕሩን አስቀምጬ በማግስቱ ነው የቀጠልኩትና ቀለሙ ቢለያይ ይቅር ይበሉኝ።

4ኛ. ነገሩ እንዳይደገም በሚል አጥሩን በረጅም ቆርቆሮ ስላስጋረዱት ከልብ አመሰግናለሁ። ሰው በእጅ ላይ ሲሞት መፍትሔው ቆርቆሮ መሆኑን አላውቅም ነበር።

የምለምንዎ አንድ ነገር ነው። ጃንጥላውን ይመልሱልኝ፤ ከዚያች መብራት ሥር ብቻ ቆርቆሮውን አንድ ሰው በሚያሳይ ስፋት ያስከፍቱልኝ። እህቴ አሁንም እዚያ ስትደርስ ወደ ውጭ ትመለከታለች። አንድ ምሽት እንኳ በአባቴ ቦታ ልቁምላት።

ውድ ጊዜዎን በአንድ ሽማግሌ ሞት ስለያዝኩብዎ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ጃንጥላ ለመዘርጋት ፈቃድዎን ደጅ የምጠና፣

ትሑት አገልጋይዎ፣
የአናጺው ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ወደ ስብሰባዎ የሚወስድዎትን አውሮፕላን ከሚያበሩት አንዷ እህቴ ናት። ክፉ አይጠብቁ፣ እንደማንኛውም መንገደኛ በሰላም ታደርስዎታለች። አባቴ ሳይመልስልዎ የቀረውን ጥያቄ ግን በእሱ ፋንታ ልመልስ። የውስጡ መብራት የሚቀንሰው ዓይንዎ ጨለማውን እንዲለምድ ነው። በቆርቆሮው በኩል ስታልፉ ክንፉ ላይ አንዴ ቦግ ብሎ የሚጠፋው ግን ብልሽት አይደለምና አይደንግጡ፤ ለአባቴ ነው።