መንኮራኩሩን ያቆምሽ ቀን

ውድ ልጄ፣

ትናንት ስትደውዪ "ሥራ እንዴት ነው?" ብልሽ "ደህና ነው እማ" አልሽኝ። ቆየት ብለሽ ደግሞ፣ እንደ ቀላል ነገር አድርገሽ፣ ሰኞ የይቅርታ ደብዳቤ ይዘሽ ካልቀረብሽ እንዳትመጪ መባልሽን ነገርሽኝ። "ሕዝብ ፊት አዋርደሽናል ነው የሚሉት። ልጽፈው ነው መሰለኝ፤ ምን ይደረጋል" አልሽ። ያን ጊዜ ልነግርሽ የሚገባኝ ነገር ነበር፣ አፌ ግን እምቢ አለኝ። ታውቂኛለሽ፤ እኔ ከሰው ይልቅ ወረቀት ይቀለኛል። ስለዚህ ተቀምጬ እጽፍልሻለሁ።

እዚያ ነበርኩ። የመዝናኛ ቦታውን ትልቅ መንኮራኩር ያቆምሽ ቀን፣ ሊሳፈር ከተሰለፈው ሰው መሃል ነበርኩ።

የወሰደችኝ ጎረቤቴ ናት፤ ያቺ ሰፈሩ ሁሉ በሌለችበት "ሬዲዮ" የሚላት። "ጉልበቴ ጨርሶ ሳይከዳኝ አንድ ቀን ከላይ ሆኜ ከተማውን ልየው። ደግሞስ ልጅሽ ትኬት ክፍል አይደለች? አትረሳንም" ብላ እየጎተተች ወሰደችኝ።

ትኬት ክፍል ያልኳት እኔ ነኝ። ለምን እንዳልኩ አንቺ ታውቂያለሽ። አባትሽ ከሞተ በኋላ የሰው ቢሮ እየጠረግሁ፣ ከቅርጫት ባወጣሁት ጋዜጣ ራሴን ፊደል እያስቆጠርኩ ያሳደግኩሽ፣ አንቺ እጅሽ ንጹሕ ሆኖ እንድትኖሪ ነበር። አንቺ ግሪስ መረጥሽ። እዚህ ቤት በገባሁ ሰሞን የሰፈሩ ሴቶች እንኳን ደህና መጣሽ ሊሉኝ መጥተው ሳለ፣ በቱታሽ፣ ፊትሽ ጠቁሮ፣ የመሣሪያ ቦርሳሽን አንግበሽ በር ላይ ቆምሽ። "ማናት?" አለች ሬዲዮ። "ቧንቧ የምትጠግን ልጅ ናት" አልኩ።

አየሽኝ። "እሺ እትዬ፣ ነገ እመለሳለሁ" ብለሽ ዞረሽ ሄድሽ።

እትዬ! የገዛ እናትሽን። እንግዶቹ እስኪሄዱ መንገድ ዳር ቆመሽ መጠበቅሽን የሰማሁት በኋላ ነው። አንድም ቀን አላነሳሽብኝም፤ ብታነሺብኝ ይሻለኝ ነበር። ሬዲዮ ደግሞ ከዚያን ቀን ጀምሮ "ያቺን የቧንቧ ልጅ ጥሪልኝ፣ ኩሽናዬ ያፈሳል" እያለች ስትነዘንዘኝ ኖራለች። በመጣሽ ቁጥር ለብሰሽ አጊጠሽ ስለምታይሽ፣ ሁለቱ አንድ ሰው መሆናቸው አልታያትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ሰልፉ ፊት ላይ ደርሰን ሳለ አንቺ ወገብሽን በገመድ ታስረሽ ብረቱ ላይ ነበርሽ። ብረቱን የሚያያይዙትን ብሎኖች እያየሽ እንደሆነ ከሥር ሆኜ ገብቶኛል። ከእነዚያ ብሎኖች አንዱን ይዘሽልኝ መጥተሽ፣ ሁለት ወፍራም ብረት አጣብቀሽበት "እማ፣ ነይ አጥብቂው" ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? የብሎኑ ራስ ላይ የምስር ፍሬ የምታህል መስኮት አለች፤ ብሎኑ ሲላላ ደማቅ ቀይ ናት። መፍቻውን ይዤ ስታገል ቀዩ ደበዘዘ፣ እየጠቆረ ሄደ፤ ድፍን ጥቁር ሲሆን "በቃ! ልኩ እዚህ ጋ ነው" አልሽ። "የእጅሽን ጉልበት አይደለም የሚያሳይሽ፤ ብሎኑ ራሱ ምን ያህል እንደተወጠረ ነው። የዛገ ብሎን እጅን ያታልላል፤ የጠበቀ ይመስላል እንጂ አልጠበቀም። ይሄኛው ግን አይዋሽም።" መልሰሽ ስታላዪው ቀዩ ብቅ አለ። እኔም እንደ ሕፃን "ድገሚው!" አልኩሽ።

እና ያን ቀን አንዱን አጠበቅሽው። ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበና "አለቀ! ሕዝብ ይግባ!" አለ። አንቺ በእጅሽ ከለከልሽ። ባዶው መንኮራኩር ይዞር ጀመር። ሰልፉ ሊፈነዳ ደረሰ።

"ነፋስ ነው እንዴ ትኬት የቆረጠው?"

"እኛ ጸሐይ ላይ፣ ወንበሮቹ ሽርሽር ላይ!"

"ወንድ መካኒክ ጠፍቶ ነው?" አለ ከፊቴ የነበረው ባለ ባርኔጣ።

መንኮራኩሩ ቆመ፤ እንደገና ወጣሽ። ራስሽን ወደዚያ ብሎን አስጠግተሽ ደጋግመሽ አየሽው። ተመልሶ መቅላቱ ያን ጊዜ ገባኝ። ወረድሽ።

"አይሠራም" አልሽው ሥራ አስኪያጁን። "አጥብቄው አንድ ዙር እንኳ አልቆየም። ከሥሩ ያለው ብረት አንድ ነገር ሆኗል። ተፈትቶ ካልታየ ሰው አይጫንም።"

"አንድ ብሎን እኮ ነው! ሌላው ሁሉ ጥቁር ነው አላልሽም?"

"ብያለሁ። ይሄ ግን ቀይ ነው።"

"ኃላፊነቱን እኔ እወስዳለሁ። የማስነሻውን ቁልፍ አምጪ!"

"ኃላፊነቱን ይውሰዱ፣ ጋሼ። ቁልፉን ግን አልሰጥም።"

ኪስሽ ከተትሽውና ደረጃው ላይ ቁጭ አልሽ። ሰው ሁሉ በአንድ አፍ ጮኸብሽ። "ትባረር!" ያለ አለ። ሬዲዮ ግን ዐይኗን አጥብባ ታይሽ ነበር።

"ቆይ፣ ቆይ... ያቺ የቧንቧ ልጅ አይደለችም እንዴ? እዚህ ምን ታደርጋለች? ቧንቧ መስሏት እንዳይሆን!"

በዙሪያችን ያለው ሰው ሳቀ። አንገትሽን ደፍተሽ ነበር፤ ሳቁን ትሰሚያለሽ፣ እኔን አታዪኝም።

"ልጄ ናት" አልኩ።

"ምን አልሽ?"

"ልጄ ናት! የወለድኳት! ቧንቧ ጠግና አታውቅም፤ ትኬትም ቆርጣ አታውቅም። የዚህ መንኮራኩር መካኒክ ናት። አትሳፈሩ ካለች አትሳፈሩ!"

ይህን የሚያህል ድምፅ ውስጤ መኖሩን አላውቅም ነበር፤ አንቺ ጋ ሳይደርስ ግን የሕዝቡ ጩኸት ዋጠው። ባለ ባርኔጣው ባርኔጣውን አወለቀ፤ አክብሮኝ ይሁን ሙቀቱ ይሁን እንጃ። ሬዲዮ አንዴ እኔን፣ አንዴ አንቺን አየች።

"እና ኩሽናዬን ማን ሊሠራልኝ ነው?" አለች በመጨረሻ። ከዚያ ወደ ሰልፉ ዞራ "አልሰማችሁም? ልጇ ናት እኮ! በሉ ወደየቤታችሁ!" እያለች ሰውን በክርኗ ትበትን ጀመር።

ሮጬ ልመጣ ነበር። ግን እጅሽ ኪስሽ ላይ፣ ቁልፉ ላይ ነበር። ብታዪኝ አለቅስ ነበር፣ አንቺ ደግሞ እኔን ለማባበል ትነሺ ነበር። በሥራሽ ላይ ነበርሽና ተውኩሽ።

ብረቱ ሲፈታ ስንጥቅ ይገኝበት እንደሆነ አላውቅም። ባይገኝም ኩራቴ አይጎድልም። ያ ሁሉ ሰው ጥቁር በይው እያለሽ፣ ያየሽውን ቀይ ቀይ ነው አልሽ። እኔ ለሴቶች ወግ ስል፣ ዐይኔ ያየውን ልጄን ሌላ ነገር ነው ያልኩ ሰው ነኝ። ከማን እንደወሰድሽው እንጃ፤ ከእኔ እንዳልሆነ ግን አውቃለሁ፣ እሱም ደስ ይለኛል።

ስለዚህ ያን ደብዳቤ አትጻፊ። ከሁለታችን ይቅርታ መጻፍ የነበረባት እኔ ነኝ፤ ጽፌዋለሁ፣ ይኸው በእጅሽ ነው። የምታደርስልሽ ሬዲዮ ናት። ፖስታው ተከፍቶ ብታገኚው አትገረሚ፤ አንብባው ከሆነ ደግሞ ስሟን ዛሬ አወቀች።

ሰኞ ጠዋት ቢሮው በር ላይ ታገኚኛለሽ። የምመጣው ልለምናቸው አይደለም። ሥራ አስኪያጁ "እርስዎ ማን ነዎት?" ብሎ እንዲጠይቀኝ ነው።

እናትሽ