የአምሐ አንገትና የጤና ቀኑ ጠረጴዛ

መስከረም 20 ቀን 1980 ዓ.ም.

ለክቡር አቶ ተክለጻድቅ
የኅብረት መረዳጃ ማኅበር ሊቀ መንበር
ኦክላንድ

ጉዳዩ፦ በጤና ቀን ለካይሮፕራክተር ጠረጴዛ እንዲፈቀድና በባለቤቴ ላይ የተቀለደው ቀልድ እንዲነሳ ስለመጠየቅ

ክቡር ሊቀ መንበር፣

1. እኔ አመልካች ይህን የምጽፈው ተከፍቼ ሳይሆን ደስ ብሎኝ ነው። ምክንያቱ ተራ ቁጥር 4 ላይ አለ፤ እባክዎ ዘለው አይሂዱብኝ።

2. ባለቤቴ አምሐ ታክሲ ነጂ ነው። አንገቱ ደርቆ የመንገድ መስመር (ሌን) ሲቀይር ከወገቡ ጀምሮ ስለሚዞር፣ ከኋላ ያለው ተሳፋሪ ሊመታኝ ነው ብሎ ይደነግጥ ነበር። ሳን ሆዜ ያለችው ዶክተር ሃሪስ፣ አከርካሪ በእጇ የምታቃና ባለ ፈቃድ ካይሮፕራክተር፣ ጥቂት ጊዜ አየችውና እንደ ሰው ዘወር ማለት ጀመረ።

3. ለጤና ቀን እንድትጋበዝ ባመለክት፣ የጤና ኮሚቴው ሰብሳቢ ዶክተር ጋሻው በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ማይክራፎን ይዘው፣ «እኛ የምንጋብዘው ሐኪም ነው፤ ወጌሻ የፈለገ አምሐን ይጠይቅ!» አሉ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አልዋሽም፣ እኔም ስቄአለሁ። አምሐ ግን አልሳቀም፤ አፍሮ ቀጠሮውን ተወ፣ አንገቱም ተመልሶ ደረቀ። ባለፈው እሁድ ፍሪዌይ ላይ ከጭነት መኪና ለጥቂት ተረፍን። ዶክተር ጋሻውን ባናግራቸው፣ «ወይንሸትዬ፣ የአሜሪካ ሐኪሞች ማኅበር እኮ ከነሱ ጋር አትሥሩ ብሏል» አሉኝ።

4. ደስታዬ እንግዲህ እዚህ ላይ ነው! ቺካጎ ያለው የፌዴራል ፍርድ ቤት፣ ዓመታት ከፈጀ ክርክር በኋላ፣ ያ የሐኪሞች ማኅበር ካይሮፕራክተሮችን ማግለሉ ሕገ ወጥ ነው ብሎ ፈረደ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ትእዛዙ ለየአባሉ በፖስታ ይላክ አለ። ዶክተር ሃሪስ ክሊኒኳ ውስጥ ስትነግረኝ እልል ብዬ በሽተኛው ሁሉ ካልጋው ቀና አለ። እዚሁ ካሊፎርኒያም ካይሮፕራክተሮች ድሮ ያለ ፈቃድ አከማችሁ ተብለው ይታሰሩ ነበር፤ እስር ቤት ገብተውም እስረኛውን ያክሙ ነበር አሉ። ፈቃድ ያገኙት ሕዝብ ድምፅ ሰጥቶ ነው። ለነገሩ ዶክተር ጋሻውም በልጅነታቸው የተሰበረ ክንዳቸውን ያሰረላቸው ወጌሻ መሆኑን በፋሲካ ራሳቸው አጫውተውናል። ክንዳቸው ደህና ነው፤ ማይክራፎኑን የያዙት በእሱ ነበር።

5. ስለዚህ ለዶክተር ሃሪስ አንድ ጠረጴዛ እንዲፈቀድልኝ፣ ቀልዱም እዚያው አዳራሽ፣ በዚያው ማይክራፎን እንዲነሳልን በትሕትና አመለክታለሁ። እንደ ፍርድ ቤቱ ፖስታ አልጠይቅም። አምሐ ቀልዱ መነሳቱን በሰማ ማግስት ቀጠሮውን እንደሚቀጥል ቃል ገብቶልኛል።

እስከዚያው ከኋላው ሰላም ብለውት ዘወር ባይል፣ ኩራት እንዳይመስልዎ።

ከአክብሮትና ከብዙ ሰላምታ ጋር
ወይንሸት ጥሩነህ
(ፊርማ)