ሁለት ምልክት ያለበት ድልድይ

ውድ ይሕደጎ፣

ሄርሞን ድልድዩን አልሰብርም ብላለች።

አርባህን ባለፈው እሑድ ሳሊተ ምሕረት አወጣን። ሰኞ ጠዋት ርእሰ መምህራችሁ አቶ ፀጋዘአብ ደወሉልኝ። የወላጆች ኮሚቴ ቅዳሜ ተሰብስቦ በወርክሾፕህ ጉዳይ ይወስናል። የቀረበው ሐሳብ ክፍሉን ለሁለት ከፍሎ ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል የፈተና ማጠናከሪያ ማድረግ ነው።

«ወይዘሮ አለም፣ እኔ ብከራከር አይሰሙኝም» አሉኝ። «ልጆቹ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚማሩ በዓይናቸው ቢያዩ ግን ሐሳባቸውን የሚለውጡ አሉ። ሳይሰበር የቀረው ደግሞ የሄርሞን ድልድይ ብቻ ነው፤ ቅዳሜ እፊታቸው ብትሰብረው።»

ይህን ሥርዓትህን መጀመሪያ የነገርከኝ ቀን ስቄብህ ነበር። ልጆቹ ጎሮ ውስጥ ሕንፃ ከሚሠራበት ሁሉ የለቀምከውን ቁርጥራጭ ጣውላ ሰንጥቀው፣ በኮላ አጣብቀው ድልድይ ይሠራሉ። ከዚያ ባልዲ ይንጠለጠልበትና ሠሪው ራሱ፣ ሌላ ማንም ሳይሆን፣ እስኪሰበር ድረስ በጣሳ አሸዋ ይጨምርበታል። ቀድሞ ግን የት ጋ እንደሚሰበር በጠመኔ ምልክት ማድረግ አለበት።

«ስንት የለፉበትን?» ስልህ፣ «ነገ ሰው የሚሄድበትን ሲሠሩ ድካሙ የት ጋ እንዳለ መጠየቅ ይለምዳሉ» አልከኝ።

አንድ አባት መጥቶ «ልጄን የላክሁት መሐንዲስ እንዲሆን ነው እንጂ እንጨት እንዲያነክት ነው እንዴ?» ብሎ የጮኸብህን ቀን ታስታውሳለህ። ወንበር ሰጥተህ አስቀመጥከው። የልጁ ድልድይ ልክ ምልክቱ ላይ ቀጭ ሲል ከሁሉም በላይ ያጨበጨበው እሱ ነበር። ማታ እሱን እየመሰልክ ስታጨበጭብልን ሄርሞን ሻይ ትን ብሏት ነበር።

የሄርሞን ድልድይ ላይ ሁለት ምልክት አለ። የእሷ ነጭ ጠመኔ መሃል ላይ፣ ታችኛው መጋጠሚያ ጋ፤ ያንተ ቢጫ ጠመኔ ዳር፣ መደገፊያው አጠገብ። ያን ሳምንት እራት ላይ ሌላ ወሬ አልነበራችሁም።

«አባዬ፣ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ እኮ!»

«ሒሳብሽማ ትክክል ነው። ኮላሽን ግን አላየሽውም።»

«ቅዳሜ እንተያያለን።»

«እንተያያለን፣ ኢንጂነር።»

ሐሙስ ከክፍል ስትወጣ ወደቅህ። ሆስፒታል አላደረስንህም።

አቶ ፀጋዘአብ ያሉትን ስነግራት «አልሰብርም» አለች። ድልድዩን በሰማያዊ ጋውንህ ሸፍና ወርክሾፑ ውስጥ መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች፤ ማንም እንዲነካው አትፈቅድም።

«እማ፣ እሱ ተሳስቶ ቢሆንስ?» አለችኝ።

«ቢሳሳት ምን አለበት? ይስቅ ነበር።»

«እኔ ተሳስቼ ከሆነስ? ለምን እንደተሳሳትኩ ማንን እጠይቃለሁ?»



ማክሰኞ እዝራ መጣ፣ ያ ረጅሙ የክፍል ጓደኛዋ። አቶ ፀጋዘአብ አሸዋውን እሱ እንዲጨምርላት ጠይቀውት «የራሷ ነው፣ ቲቸር ቢሰማ ከወርክሾፕ ያባርረኛል» ብሎ እምቢ እንዳላቸው የሰማሁት ያን ቀን ነው። ሶፋው ላይ ተቀምጦ ይነዘንዛት ጀመር።

«ሄርሚ፣ እኔ ግን ሁለታችሁም የተሳሳታችሁ ነው የሚመስለኝ። ሦስተኛ ምልክት ልጨምርበት?»

«ንካውና መጀመሪያ የምትሰበረው አንተ ነህ!»

«የት ጋ? ምልክት አድርጊልኛ።»

ሳቀች። ካረፍክ ወዲህ የልጅህን ሳቅ የሰማሁት ያኔ ነው። ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ፤ ተነሥታ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እዝራ ጫማውን እያየ «ይቅርታ፣ ማዘር፣ አስቤ አይደለም» አለኝ። ጉንጩን ሳምኩትና እስከ በር ሸኘሁት።

ይሕደጎ፣ ለእሷ ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ። እኔም እንዲሰበር አልፈልግም። ትናንት እዝራ ከመምጣቱ በፊት ወርክሾፑን የሚጠብቁትን ጋሽ አያሌውን አስከፍቼ ገብቼ ነበር። ጋውኑን ገለጥ አድርጌ ቢጫውን ጠመኔ አየሁት። እጅህ ወደ ቀኝ ጎተት ስለሚያደርግ መስመሩ ጫፉ ላይ ይወፍራል። ልነካው ፈልጌ እንዳይጠፋ ፈራሁ። ያ ክፍል ለሌሎች ልጆች እንዲቀር የምመኘውን ያህል፣ ያ መስመር ለእኔ እንዲቀርልኝም እመኛለሁ። ሁለቱም አብረው እንደማይሆኑ አውቃለሁ። አንተ ብትኖር የቱን እንደምትመርጥም አውቃለሁ፤ ለዚህም ነው ትንሽ የተቆጣሁብህ።

እሷን ግን አላግባባትም። አንተ ያንተን ምልክት አድርገህ የእሷን ሳታጠፋ እንደተውክላት፣ እኔም እንዲሁ ልተውላት። እሰብረዋለሁ ካለች ባልዲው አጠገብ እቆማለሁ፤ ስትጨምር ዓይኔን አልጨፍንም። አልሰብርም ካለች ደግሞ ለአቶ ፀጋዘአብ የምነግራቸው እኔ ነኝ፤ ክፍሉ ቢዘጋ በእሷ እንዲላከክ አልፈቅድም።

ዛሬ ጠዋት ታክሲ ስትጠብቅ ቦርሳዋን እያስተካከለች «እማ፣ አርብ ማታ እነግርሻለሁ፤ እስከዚያ አትጠይቂኝ» አለችኝ። እሺ አልኳት።

ነፍስህን በአጸደ ገነት ያኑርልኝ። ኮሚቴው ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ይቀመጣል።

ያንተው አለም
ጎሮ፣ ረቡዕ