ካፌዎ ሐሙስ ከሰዓት እንዳይዘጋ የቀረበ አቤቱታ

በኮሌጁ የኋላ በር ፊት ለፊት ለሚገኘው፣ ስሙ ገና በሰሌዳ ሳይጻፍ በየሰው አፍ ለገባው ካፌ ባለቤት፣ ተማሪዎች ሁሉ "እትዬ" ለሚሏቸው ክብርት፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። ቀኑን ሙሉ ቆመው የሚውሉበት ወገብዎ እንዳይዝል፣ የቡና ማሽኑን እጀታ የሚጫነው ክንድዎ እንዳይደክም፣ ለመጣው ሁሉ የሚስቀው ፊትዎም ትንሽ ዕረፍት እንዲያገኝ ከልቤ እመኛለሁ፤ ዕረፍቱ ረዘም ቢል ደግሞ ቅር የሚለኝ ሰው አይደለሁም። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ጊዜ አለኝ፤ እንዲያውም ተርፎኛል፤ ለዚህም ምስጋናው በከፊል የእርስዎ መሆኑን ከዚህ በታች በዝርዝር አስረዳለሁ።

አንባቢ ግራ እንዳይጋባ ራሴን ላስተዋውቅ። በዚህ ኮሌጅ ሠላሳ አንድ ዓመት ፊዚክስ ያስተማርኩ፣ ጡረታ ከወጣሁ ስድስት ዓመት የሆነኝ ሰው ነኝ። ተማሪዎች ፊት ለፊት "መምህር"፣ ከጀርባዬ ደግሞ "ጋሽ ማስረጃ" ይሉኛል፤ ማስረጃ የሌለው መልስ ስለማልቀበል ነው። ከጡረታ ወዲህ ዘወትር ሐሙስ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በክፍል ቁጥር አስራ ሰባት ትምህርቱ ለከበዳቸው ልጆች ያለ ክፍያ የማጠናከሪያ ትምህርት እሰጣለሁ። እርስዎም ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ተማሪዬ ነበሩ፤ አራተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ያኔ "አንቺ" እልዎት ነበር። ዛሬ "እርስዎ" የምለው ተማሪዎቼ በሙሉ እርስዎ ዘንድ ስላሉ ነው፤ ይህን ያህል ሕዝብ የሚያስተዳድርን ሰው "አንቺ" ማለት ነውር ነው።

ቅሬታዎቼን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ካፌዎ ከመከፈቱ በፊት በነበረው ዓመት ሐሙስ ሐሙስ በአማካይ ሃያ ዘጠኝ ተማሪ ይመጣልኝ ነበር። በከፈቱበት ዓመት አስራ ስምንት፣ በተከታዩ አስራ አንድ ሆኑ። ዘንድሮ አራት ናቸው፤ ከአራቱም አንዱ የሚመጣው ክፍሉ ጸጥ ስለሚልለት ለመተኛት መሆኑን በሐቀኝነት ነግሮኛል። ባለፈው ወር ከተማሪዎች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ደረሰኝ። በወሩ የመጨረሻ ሐሙስ መጥቶ የሚፈርመው ተማሪ ከአስር ካነሰ ክፍል ቁጥር አስራ ሰባት የተሰበሩ ወንበሮች ማከማቻ እንደሚሆን በትሕትና ይገልጻል። ወንበሮቹ ከእኔ የበለጠ እንደሚጠቅሙ በግልጽ አልጻፉም፤ ቁልፉን መቼ እንደምመልስ ግን ጠይቀዋል።

ሁለተኛ፦ የተማሪዎቼን ዱካ ተከትዬ ካፌዎ የገባሁት ከዚያ ደብዳቤ በኋላ ነው። ቡና አምሮኝ አልነበረም፤ ለጥናት ነው። መጀመሪያ ያየሁት የዋጋ ዝርዝር የተጻፈበትን ጥቁር ሰሌዳ ነው። ኮሌጁ አሮጌ ዕቃ ሲያስወግድ የገዙት መሆን አለበት፤ በቀኝ ጥጉ ያለውን ስንጥቅ አውቀዋለሁ፤ አስራ ስድስት ዓመት የጻፍኩበት ሰሌዳ ነው። እኔ ስጽፍበት አንገቱን ቀና አድርጎ የሚያነብ ልጅ በመብራት ተፈልጎ አይገኝም ነበር። እርስዎ "ማኪያቶ" ብለው ጽፈውበት ግን ሳያነበው የሚያልፍ የለም። ስለ አያያዝዎ አመሰግናለሁ፤ በየቀኑ ይወለወላል።

ከመክፈያው ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ደግሞ እስክሪብቶ በሲባጎ የታሰረበት ወፍራም ደብተር አገኘሁ። ሽፋኑ ላይ "የመጣላችሁን ጻፉ" ይላል። እኔ ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ "የመጣላችሁን አትጻፉ" ስል የኖርኩ ሰው ነኝ። ተቀምጬ ሁለት መቶ አስራ አራቱን የደንበኞች አስተያየት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሬ አነበብኩ። የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ወስዶብኛል፤ በእነዚያ ሦስት ቀናት አንድም ሰው "ይነሱልን" አላለኝም፤ የምጣላው ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ ይህም በቅሬታነት ይያዝልኝ።

"እትዬ፣ ቡናሽ ነፍስ ይዘራል፤ ሞቼ ነው የመጣሁት" ይላል አንዱ። "በከተማው አንደኛ!" ይላል ሌላው። "ወንበሩ ይንገዳገዳል፣ እኛም ከፈተና መልስ እንንገዳገዳለን፣ ተግባብተናል" የሚል አለ። "ዋይፋዩ ኤሊ ነው። ይቅርታ፣ ኤሊስ ትደርሳለች" የሚልም አለ፤ ይህን ለደስታዬ ስል ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንዲት ልጅ ደግሞ "እናቴ ስትደውል ላይብረሪ ነኝ እላታለሁ፣ እትዬም ወዲያው ማሽኑን ጸጥ ታደርግልኛለች፤ ዕድሜሽን ያርዝመው" ብላ ጽፋለች። ለእናትየው አዘንኩ። ለራሴ ግን ይበልጥ አዘንኩ፤ በዘመኔ ሁሉ እኔ ዘንድ ለመቆየት ብሎ እናቱን የዋሸ ተማሪ የለም።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ ከራሴ ጥፋት ይጀምራል፤ ጥፋቴን አልሸሽግም። በሁለተኛው ቀን ቀይ እስክሪብቶዬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ እጄም የለመደውን አደረገ። አስተያየቶቹን አረምኳቸው። ሞቶ ለመጣው "የሞት ማስረጃ አልተያያዘም፤ ሦስት ከአስር"፤ "በከተማው አንደኛ" ላለው "ስንት ካፌ ተወዳድሮ? ሁለት ከአስር"፤ ስለ ወንበሩ ለጻፈው "ምልከታው ትክክል ነው፤ የትኛው እግር በስንት እንደሚያጥር አልተለካም፤ ሰባት ከአስር" ሰጠሁ። የሰው መዝገብ በቀይ ቀለም ማዥጎርጎር ነውር ነው፤ ሊቆጡኝ ይገባ ነበር፤ እኔም ለቁጣው ተዘጋጅቼ፣ መልሴን በልቤ አርቅቄ መጥቼ ነበር። እርስዎ ግን ምን አደረጉ? በማግስቱ ከሽፋኑ ጽሑፍ ሥር "አስተያየታችሁ በመምህር ይታረማል" የሚል ጨመሩበት።

ከዚያ ወዲያ ለደብተሩ ወረፋ ሆነ። "ጋሽ ማስረጃ፣ ቡናው ከቀረበልኝ በአራተኛው ደቂቃ ጠጣሁት፣ ምላሴ አልተቃጠለም፣ ጓደኛዬ አጠገቤ ስለነበረች ምስክሬ ናት፤ ስንት ይሰጡኛል?" ብሎ የጻፈውን ልጅ አውቀዋለሁ። ባለፈው ዓመት አንዲት የቤት ሥራ እንዲያመጣልኝ ሁለት ወር ደጅ የጠናሁት ልጅ ነው። ዘጠኝ ሰጠሁት፤ ጊዜውን ለክቷል፣ ምስክር ቆጥሯል፤ ምን ላድርግ? ልጆቼን መውሰድዎ ሳያንስ ቀይ እስክሪብቶዬም ለእርስዎ ደንበኛ መሳቢያ ሆነ። ስለ ነፃው የሥራ ዕድል አመሰግናለሁ።

አራተኛ፦ አንዱን አስተያየት ማረም አቃተኝ። ገጽ ሰማንያ ሰባት ላይ ነው። እንዲህ ይላል፦ "በጣም ትኩስ ነገር ከለብ ያለው ይልቅ ሙቀቱን ቶሎ ቶሎ የሚያጣው እንዴት እንደሆነ ሁለት ጊዜ ተምሬው አልገባኝም ነበር። እትዬ ሁለት ስኒ ቡና ቀዳች። አንዱ ላይ ወተቱን ያኔውኑ፣ ሌላው ላይ ከአስር ደቂቃ በኋላ ጨመረች። በሉ ቅመሱ አለችን። ወተቱ ቀድሞ የገባበት ይሞቃል! ያኛው ለካ ትኩስ ሆኖ ሲጠብቅ ሙቀቱን ሲበትን ነው የቆየው። አለቀ፤ ገባኝ።"

ቀይ እስክሪብቶዬን ይዤ ሩብ ሰዓት ስሕተት ፈለግሁ። የለውም። ይህን ትምህርት እኔ በየዓመቱ ሦስት ክፍለ ጊዜ ወስጄ፣ ሰሌዳ ሙሉ ቀመር ጽፌ ነው ያስተማርኩት፤ ልጆቹ ቀመሩን ይሸመድዱታል፣ ፈተናውን ያልፉበታል፣ በማግስቱ ይረሱታል። "አለቀ፤ ገባኝ" ብሎ የጻፈልኝ አላስታውስም። በእርግጥ የሚጽፉበት ደብተር አስቀምጬላቸው አላውቅም፤ ባዶውን እንዳላገኘው ፈርቼ ሊሆን ይችላል። አስር ከአስር ሰጠሁ፤ ከሁለት መቶ አስራ አራቱ ብቸኛው ነው። እጄ አስር ሲጽፍ አፌን እሬት እሬት አለኝ። ክብርት ሆይ፣ ይህን ሰዎች ቅናት ይሉታል፤ ማስረጃ ስለተገኘብኝ አልክድም።

አምስተኛ፦ የመጨረሻው ቅሬታ ከሁሉ የከፋ ነው፤ ደግነትዎን የሚመለከት ነውና። ያለፈው ሐሙስ ቢሮው የወሰነው የወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ነበር። ለዘጠኝ ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲሆን ቁልፉን ይዤ ስደርስ ኮሪደሩ ጢም ብሎ አገኘሁት። ቦታ የተሳሳቱ መስሎኝ "ውጤት የሚለጠፈው ታች ነው" ብዬ ልመልሳቸው ስል፣ የሚጠብቁት እኔን ኖሯል። ሃያ ሰባት ሰው! ቾኩ ሁለት ጊዜ ከእጄ ወደቀ። ለሃያ ደቂቃ ያህል ከእኔ የተሻለ መምህር በምድር ላይ የለም ብዬ አመንኩ፤ ያለ ማስረጃ ያመንኩት ነገር ቢኖር እርሱ ነው።

ከዚያ ወደ ኋላ ብመለከት የመጨረሻው ወንበር ላይ እርስዎ ተቀምጠዋል። ሽርጥዎን እንኳ አላወለቁም። ከፊት የተቀመጠውን ልጅ ካፌውን ማን እንደያዘው በቀስታ ብጠይቀው፣ በርዎ ላይ "ሐሙስ ከሰዓት ዝግ ነን፤ ክፍል አስራ ሰባት ታገኙናላችሁ" የሚል ወረቀት መለጠፍዎንና፣ የደብዳቤውን ወሬ ከልጆቹ ሰምተው ሳምንቱን ሙሉ ቡና ባቀረቡ ቁጥር "ሽማግሌው ክፍሉን እንዳይነጠቅ፣ አደራ" ማለትዎን እየሳቀ ነገረኝ። ሽማግሌው! ተማሪዎቼን ወስደው፣ ለአንድ ከሰዓት በኋላ መልሰው አዋሱኝ።

ይህም አልበቃ ብሎ፣ ትኩስ ነገር እንዴት እንደሚቀዘቅዝ ሳስረዳ እጅዎን አወጡ። "መምህር፣ ወተት ቢጨመርበትስ?" አሉኝ። ጥያቄውን አውቀዋለሁ። ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት ከአራተኛው ረድፍ ጠይቀውኝ፣ "ይህ የፊዚክስ ክፍል እንጂ ኩሽና አይደለም፤ ተቀመጪ" ብዬ ክፍሉን አስቄብዎት ነበር። ረስተውታል ብዬ ተስፋ አደርግ ነበር። ፊትዎ ላይ ቂም ፈለግሁ፤ አጣሁ። መልሱን ዘግይቼም ቢሆን እንድሰጥ ዕድል ሲሰጡኝ ነበር፤ ይህ ከቂም ይብሳል። ሁለት ስኒ አልነበረኝም፤ ቾኩን ሰጠሁዎት። ወጥተው በሁለት ሥዕል፣ በአምስት ደቂቃ ጨረሱት። ክፍሉ በ"አሃ!" ተናጋ፤ ያ የሚተኛው ልጅ እንኳ ቀና አለ። እኔ መስኮቱ ጥግ ቆሜ ስቀና፣ ሠላሳ አንድ ዓመት የጻፍኩት ቀመር ለመጀመሪያ ጊዜ ስኒ ውስጥ ታየኝ።

ሃያ ሰባት ፊርማ የሰፈረበት ወረቀት አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ለቢሮው ባስገባው ክፍሉ ይተርፍልኛል። አላስገባሁትም። ሌላ ሰው የሠራለትን የቤት ሥራ ይዞ የመጣን ተማሪ ሁሉ ስመልስ ኖሬ፣ ሌላ ሰው የሞላልኝን ክፍል የእኔ ነው ብዬ ልፈርም አልችልም። ለቢሮው የጻፍኩት ያለፈው ሐሙስ እንዳይቆጠርብኝ፣ የሚመጣው ሐሙስ ግን እንዲቆጠርልኝ ነው። ፈቅደዋል፤ አንድ ሐሙስ ብቻ፣ ከዚያ በኋላ ወንበሮቹ ይገባሉ።

ስለዚህ ልመናዬ አንድ ነው። በሚመጣው ሐሙስ ካፌዎን ይክፈቱ። ማሽኑን ያስጩኹት፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ይወልውሉ፣ ለመጣው ሁሉ እንደ ልማድዎ ይሳቁ፣ ስለ እኔ ግን ለማንም አንዲት ቃል አይተንፍሱ። እኔም በበኩሌ ሰሌዳውን በቀመር አልሞላም፤ ሁለት ስኒና አንድ የሙቀት መለኪያ ከቤቴ ይዤ እመጣለሁ። አስር ልጆች ከመጡ የእኔ ናቸው። አራት ከመጡ በዚያው ምሽት ቁልፉን አስረክባለሁ፤ ባዶነቱም ቢሆን የራሴ ይሁን።

ደጅዎ ሰው እንዳያጣ፣ ሐሙስ ከዘጠኝ እስከ አስራ አንድ ሰዓት ግን ለአመል ያህል እንዲሳሳ፣ ደግነትዎም ከእንግዲህ በልክ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ በታላቅ አክብሮትና በሚገባ በተመዘነ ምቀኝነት ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እነሣለሁ፤

አንድ ጊዜ "ተቀመጪ" ያልዎት የቀድሞ መምህርዎ

ማሳሰቢያ፦ ገጽ አንድ መቶ ሦስት ላይ ስም ያልተጻፈበት "እዚህ ስመጣ የሚያዳምጠኝ ሰው አገኛለሁ" የሚል አስተያየት ነበር። "ማን? ስለ ምን? ግልጽ አይደለም፤ አራት ከአስር" ብዬ አርሜዋለሁ። ትናንት እራት ላይ ባለቤቴ ሾርባውን እያወጣችልኝ "ለእኔ አራት ነው የሰጠኸኝ?" አለችኝ። ከሠላሳ ስምንት ዓመት ትዳር በኋላ የእጅ ጽሕፈቷን ሳላውቀው መቅረቴን በመነጽሬ አሳብቤያለሁ። ለቤቴ ሰላም ስል ውጤቷን ወደ ስምንት እንዲያሻሽሉልኝ በትሕትና እለምናለሁ። የቀሩትን ሁለት ነጥቦች የያዝኳቸው፣ የሚያዳምጣት ሰው ማን እንደሆነ ብጠይቃት እርስዎን ስለጠራችብኝ ነው።