አክስቴን ላረዳ ብዬ

አባዬ፣

ከተለየኸን አርባህም አለፈ። ፍራንክፈርት፣ ዞሰንሃይም ሰፈር ያለው ቤትህ ደህና ነው። ክፍልህን ልጄ ትርሃስ ወርሳዋለች፤ ግድግዳው ላይ የለጠፈችውን ብታይ ታማትብ ነበር። ካፖርትህን ለቤተ ክርስቲያን ሰጠሁት። የሕንፃው ተቆጣጣሪ ሃውስማይስተሩ ስምህን ከፖስታ ሳጥኑ ላይ ሊያነሳ ሲመጣ ግን ተቆጥቼ መለስኩት። የቤቱ ወሬ ይኸው ነው። አሁን ወደ ጉዴ ልምጣ።

አንድ እህትህን፣ አክስቴን ትርሃስን፣ ሳላረዳት እንዴት እቀራለሁ ብዬ ስፈልጋት ከረምኩ። አስመራ ደወልኩ፤ ፍራንክፈርት ያለውን የምፅዋ ሰው ሁሉ ጠየቅሁ። የሚያውቃት ጠፋ። እኔ ደግሞ መልኳን እንኳ አላውቅ! ምፅዋ ልጅ ሆኜ የምትመጣው እኔ ከተኛሁ በኋላ፣ የምትሄደው ሳልነቃ ነበር። ግን ከረሜላ ትታልኝ ትሄዳለች፤ እንደዚያ ያለ ከረሜላ ከተማው ውስጥ ስለማይገኝ መምጣቷን ተጠራጥሬ አላውቅም። አንተም ጭንህ ላይ አስቀምጠኸኝ፣ ከሱቃችን ስልክ አስመራ ላለው፣ አጎትሽ ለምትለኝ ሰው ትደውልና በይ ንገሪው ትለኛለህ። አክስቴ ከልጆቿ ጋር መጣች እላለሁ። ሻንጣዋ ከብዷል። አሟት ተኝታለች። ሰውየው ጎበዝ ሲለኝ እንዴት እኮራ ነበር!

በመጨረሻ እዚሁ ሮደልሃይም ሰፈር ጋሽ ኢድሪስ ቤት ሄድኩ፤ የልጅነት ጓደኛህ ካላወቋት ማን ያውቃታል ብዬ። ስሟን ስጠራ ሳቁ። ፊቴን ሲያዩ ሳቃቸውን ዋጡት። አባትሽ አልነገረሽም እንዴ አሉኝ። ትርሃስ እኮ ሰው አይደለችም፣ የደርግ የጦር መርከብ ነበረች፤ ስሙን ለመሸሸጊያ ያወጣንላት እኛ ነን አሉኝ። አባትሽ ሰገነት ላይ ሆኖ ባሕሩን ይጠብቃል፤ ስትገባ ስትወጣ ይነግረኛል፤ እኔ ለታጋዮቹ አደርሳለሁ። ልጆቿ የሚባሉት አጅበዋት የሚመጡት ትንንሽ ጀልባዎች ናቸው፤ ሻንጣዋ ጭነቷ ነው፤ አሟታል ማለት ተበላሽታ ቆማለች ማለት ነው። አስመራ ስልኩን የማነሳው አጎትሽም እኔ ነበርኩ፤ መስመሩን የሚያዳምጥ ቢኖር እንኳ ሕፃን ልጅ አይጠረጥርም ብለን ነው አሉኝ።

ኧረ አባዬ! ከረሜላውስ? አልኳቸው። መርከበኞቹ ናቸዋ፣ ከውጭ ወደብ ይዘው እየመጡ ሱቅ ሲገቡ ለልጅህ እያሉ ይሰጡት ነበር አሉኝ። ይኼ ነው የገደለኝ። መርከቧ ምን ደረሰች ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ቀን ወጥታ አልተመለሰችም አሉ። ያን ቀን ስልኩ ላይ ማን ነበር የተናገረው አልኳቸው። ጋሽ ኢድሪስ ሻይ ሊጨምሩልኝ ተነሱ።

አሁን ያለፈው ሁሉ እየተገለበጠብኝ ነው። እሁድ እሁድ ማይን ወንዝ ዳር ስንሄድ የጭነት ጀልባ አይተህ፣ ይቺ ከብዷታል ስትል የሽማግሌ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። ልጄን በእህትህ ስም ልጠራት ነው ያልኩህ ዕለትስ? ሕፃኗን እንዳቀፍክ፣ ሌላ ስም የለም ወይ ብለህ አለቀስክ። እኔ ሞኟ ደስታ መስሎኝ ስሙን አጸናሁት። ልጄን በጦር መርከብ ስም ስጠራት አንዲት ቃል ብትተነፍስ ምን ነበረበት? ተናድጄብሃለሁ፣ በጣም። ቢይዙህ ኖሮ እንደማትተርፍ አውቃለሁ፤ ለአገሬ ነው ያልክ እንደሆነም ይገባኛል። ግን እኔን ለምን አባዬ? ድምፄን ለምን?

ትናንት ለልጄ ለትርሃስ ነገርኳት። ስሟን ትጠላዋለች ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ሰምታኝ፣ እንደ ልማዷ በጀርመንኛ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀችኝ፤ መርከቧ ላይ የነበሩት ሰዎችስ? አቀፍኳት።

አልረሳህም አባዬ፣ ብናደድም አልረሳህም። ሙት ዓመትህ ሲደርስ ቄሱ የክርስትና ስም ሲጠይቁኝ ያንተን እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ፣ አባ፣ መርከብ ላይ የነበሩ ሌሎችም አሉ፣ አብረው ያስቡልኝ እላቸዋለሁ። ስማቸው ማን ነው ቢሉኝ አላውቅም፤ መምጣት መሄዳቸውን ግን የተናገርኩት እኔ ነኝ።