ደወላችን ሞራታል ተገኘች

ይድረስ ለምወድህና ለማከብርህ ለወንድምዓለም አኪሊኖ፣

ከባሕር ወዲያ ላለኸው ወንድሜ ከኦርታሴካ የተላከው ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ? ጤናህስ እንዴት ነው? ብርድ ሲሆን የሚነሣብህ ሳል ተወህ? ባለቤትህ ኔሊዳ እንዴት ናት፣ ልጆቹስ? እናንተ ዘንድ አሁን ብርዱ ሊወጣ ነው ብዬ አስባለሁ። እኛ ዘንድ የወይን ለቀማው ደርሷል። ሁላችንም ደህና ነን፤ እማዬም ከጉልበቷ በቀር ደህና ናት፣ ምላሷማ ከዱሮው ብሶበታል። ደብዳቤህ ከመጣ ሁለት ፋሲካ አልፏልና ጤናህን የምጠይቅህ ለወጉ ያህል እንዳይመስልህ። ምክንያቱን ኋላ ትደርስበታለህ፤ አሁን ግን አረፍ ብለህ ወሬዬን ስማ።

በብስክሌት አገር ስዞር ሰነበትኩ። አትሳቅ። በአርባ ስድስት ዓመቴ የባሌን የፊደንስዮን ሱሪ ለብሼ፣ የእሱኑ ብስክሌት ይዤ፣ ዳቦና ቋሊማ በጨርቅ ቋጥሬ ወጣሁ። ፊደንስዮ መጀመሪያ «ሰው ምን ይለናል» ብሎ ተቆጣ። ቀጥሎ ጎማውን ነፋልኝ፣ ሰንሰለቱን ዘይት ቀባልኝ፣ መቀመጫውንም ዝቅ አደረገልኝ። እሱ እንደዚያ ነው፣ አፉ እምቢ ሲል እጁ ይታዘዛል።

ነገሩን ያመጣችው እማዬ ናት። በበጋው መጀመሪያ ጎረቤታችን አረፉና የኦርታሴካ ደወል ሲደወልላቸው ሰማች። እዚህ አሁን ገመድ መሳብ ቀርቷል፤ ቄሱ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ መዶሻው በኤሌክትሪክ ራሱን ችሎ ይመታል። እማዬ ከቀብር ተመልሳ ነጠላ ጫማዋን እያወለቀች «እኔ በማብሪያ ማጥፊያ አልቀበርም። የእኔ ሞት የሚደወለው በባርባራ ነው፤ ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» አለች። ባርባራን መቼም አትረሳትም፤ ልጅ ሳለህ ገመዷ ላይ እየተንጠለጠልክ አባዬን የምታስቆጣባት የፉንተሎባ ደወላችን ናት። ነገር ግን መንደራችን ፉንተሎባ ሰው አልቆባት ባዶ ከቀረች ወዲህ ከደወሉ ግንብ ላይ የለችም። አባዬ ስንጠይቀው «ተወሰደች» ይላል እንጂ ማን ወሰዳት ሲባል ወሬ ይለውጥ ነበር። እንደዚያው ሳይነግረን ሞተ። እኔማ አቅልጠው ድስት አድርገዋት ይሆናል ባይ ነበርኩ። እማዬ ግን ታውቃታለህ፣ የያዘችውን አትለቅም። ደወል እንደ መርፌ አይጠፋም፣ ሂጂና ፈልጊ አለችኝ።

ለምን በብስክሌት ትለኝ ይሆናል። በመኪና ደወል አይሰማማ። ፊደንስዮ አንድ ቀን በመኪናው ሊያዞረኝ ሞክሮ፣ ሞተሩ ሲያጓራ ስድስት ሰዓት አልፎን ተመለስን። በብስክሌት ግን ኮረብታ ላይ ትወጣና፣ ጦስኙ ላይ ቁጭ ብለህ የቀትሩን ደወል ከየሸለቆው ታዳምጣለህ። ምልክቷን እማዬ ነግራኛለች፤ ባርባራ ተደውላ ስታበቃ እንደ ማሳል ትላለች።

ወንድሜ፣ ጓሯችን ውስጥ ይህን ሁሉ አገር ማን ደበቀው? ከኮረብታችን ጀርባ ያሉትን መንደሮች በስም እንጂ በዓይኔ አላውቃቸውም ነበር። መንገዱ ባዶ ነው፤ ግማሽ ቀን ስትጓዝ የምታገኘው አንድ ትራክተርና ቆቅ ከነጫጩቶቿ ነው። የሱፍ አበባው ደርቆ አንገቱን ደፍቷል። የጭቃ ርግብ ቤቶች ጣራቸው ወድቆ ርግቦቹ ግን አልለቀቁም። አንድ የድንጋይ ድልድይ አገኘሁ፣ ሥሩ ወንዝ የለም። ወንዙ የት ሄደ ብዬ ብጠይቅ አንዱ ገበሬ በአያቱ ጊዜም እንዳልነበረ ነገረኝ። እንግዲህ ድልድዩን የሠሩት ምን ሊሻገሩ ነው? እስካሁን አልወጣልኝም።

ሌላ መንደር ደግሞ የቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ላይ በገና የሚደረድር አህያ በድንጋይ ተቀርጿል። ስንት መቶ ዓመቱ ነው፣ ጣቶቹ ሳይቀሩ ይታያሉ። አህያ ጣት አለው እንዴ ብዬ ዞር ስል አንድ ሽማግሌ ግድግዳው ሥር ፀሐይ ይሞቃሉ። ይህ ማን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። «የከንቲባችን ቅድመ አያት ነው» አሉኝ፤ «በገናው ከዘሩ ጠፋ፣ የቀረው ግን አልጠፋም።» ሳቄን እንደያዝኩ ቀጥሎ ሞራታል እንደምሄድ ብነግራቸው አዘኑልኝ። የሞራታል ሰዎች ጨረቃ አጥማጆች ናቸው፣ አያቶቻቸው ጨረቃን ከኩሬ በመረብ ሊያወጡ ሲታገሉ ያደሩ ናቸው አሉኝ። ይህን ኋላ ሞራታል ስናገር ማንም አልካደም። መረቡን ያዋሷቸው ግን የዚያ መንደር ሰዎች እንደሆኑ ነገሩኝ።

ሞራታልን አስቀድሜ ያልፈለግኳት ለምን እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። በግጦሽ መሬት ከእኛ ጋር ስንት ትውልድ ሲጣሉ የኖሩ ናቸው። ደወላችን የትም ትሄዳለች እንጂ እዚያ አትሄድም ብለን ነበር። ከሞራታል በላይ ካለው ኮረብታ ላይ ዳቦዬን እየቆረስኩ ሳለሁ ስድስት ሰዓት ተደወለ። አንድ፣ ሁለት እያለ ቀጠለ፤ ሲያበቃም እንደ ማሳል አለች። እህል በአፌ እንደያዝኩ ተነሣሁ። ቁልቁለቱን የወረድኩት ፍሬኑ እስኪሸት ድረስ ነው። ልጅ ሆኜ ከአውድማ ስንመለስ የምሰማው ድምፅ ነው፣ አኪሊኖ። አለቀስኩ፣ ለምን እዋሽሃለሁ።

ቤተ ክርስቲያኑ ተቆልፏል። ቁልፉ ያለው ከደጃፉ ፊት ለፊት ከሚኖሩት ከእትዬ ቪሲታሲዮን ቤት ነው፤ ደዋይዋም እሳቸው ናቸው። ቁልፉን ብለምናቸው በእሳቸው ቤት ምሳ ያልበላ እንግዳ ቁልፍ እንደማይነካ ነግረው የነጭ ሽንኩርት ሾርባ ቀዱልኝ። ከዚያ በኋላ በእኛ አገር እንግዳ የማያመልጠው ጥያቄ መጣ።

«የማን ልጅ ነሽ?»

የፉንተሎባው የኤውሎሂዮና የሌዮንስያ ልጅ ነኝ አልኳቸው። ማንኪያቸውን አስቀመጡ፣ አማተቡ።

«ሌዮንስያ፣ ነፍሷን ይማር። መልካም ሴት ነበረች።»

ኧረ እማዬ ደህና ናት፣ ዛሬ ጠዋትም ከድመቷ ጋር ስትጣላ ነው የተውኳት አልኩ። እትዬ ቪሲታሲዮን ፊታቸው ነጣ።

«እኛ እኮ ደውለንላታል!»

እሳቸው እንደነገሩኝ ነገሩ እንዲህ ነው። የመጨረሻው ክረምት ላይ እኔና እማዬ ለትምህርቴ ስንል ኦርታሴካ ነበርን፣ አንተም ባሕር ተሻግረህ ነበር። ፉንተሎባ የቀሩት አባዬ፣ አያታችንና አንድ ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። አያታችን ሲሞት መንገዱን በረዶ ዘጋው፤ ሬሳ የሚሸከም ሰው አልነበረም። የሞራታል ሰዎች ደወሉን ሰምተው፣ ግጦሹን ሁሉ ረስተው፣ በረዶውን በአካፋ እየጠረጉ መጥተው ቀበሩልን። አባዬ ይህን አልረሳም። ከፉንተሎባ ሲወጣ ጭጋግ በወረደበት ቀን ባርባራን በበሬ ጋሪ ላይ ጭኖ፣ በድርቆሽ ሸፍኖ ወስዶ ሰጣቸው። ደወል የሀገረ ስብከቱ ንብረት ነውና ጳጳሱ ሰምተው እንዳያስመልሷት ብሎ ለማንም አልተነፈሰም። የጠየቃቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የፉንተሎባ ሰው የትም አገር ይሙት፣ መሞቱ ሲሰማ በባርባራ ይደወልለት፣ ለሴት ሁለት ለወንድ ሦስት። እነሱም እስከዛሬ ቃላቸውን ጠብቀዋል። የሞት ወሬ የሚያመጣላቸው በየመንደሩ የሚዞረው ዓሣ ሻጭ ነው። አምና ሌዮንስያ የምትባል አሮጊት ሆስፒታል መሞቷን ሰምቶ ነገራቸው። ሌላ ሌዮንስያ ይኖራል ብሎ ያሰበ የለም።

ግንቡ ላይ ይዘውኝ ወጡ። ሽመላ ከበላይዋ ጎጆ ሠርታለች እንጂ ባርባራ ምንም አልሆነችም፤ የፉንተሎባ ስም ከወገቧ ላይ ይነበባል። እጄን አሳረፍኩባት፣ ፀሐዩ አሙቋታል። እትዬ ቪሲታሲዮን ገመዱን ይዘው እየተመለከቱኝ ነበር።

«ወንድምሽስ? ያ ባሕር የተሻገረው አለ?»

አለ አልኳቸው።

«በምን አወቅሽ?»

ወንድሜ፣ ሽመላዋን ማየት ጀመርኩ። እሳቸውም አልጨቀጨቁኝም፤ አንዴ ተሳስተናልና አጣርተሽ ንገሪኝ ብለው ቀድመውኝ ወረዱ።

ቤት ገብቼ ለእማዬ ስነግራት መጀመሪያ በትክክል ሁለት እንደተደወለላት ጠየቀች። ስንት ሰው እንዳለቀሰም ማወቅ ፈለገች። አባዬ ለምን እንደደበቃት ስነግራት ደግሞ በመሐረቧ ፊቷን ሸፈነች። ኋላ ግን «እውነቱን ነው፤ ለእኔ ቢነግረኝ ኖሮ በነጋታው ጳጳሱ ቤት ይደርስ ነበር» አለች።

እሑድ ፊደንስዮ በመኪና ወሰደን። የሞራታል ሰዎች ከቤተ ክርስቲያኑ ደጀ ሰላም ተሰብስበው፣ ለሕያው ሰው የተደወለ የሞት ደወል እንዴት ይሻራል እያሉ ሲከራከሩ ደረስን። የሚያውቅ አልተገኘም። በመጨረሻ የበዓል ደወል ይሽረዋል፣ ገመዱንም የተደወለላት ራሷ ትሳብ ተባለ። እማዬ ከነጉልበቷ ተነሥታ ሳበች። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም። ሲያበቃ፣ አንዴ ተደውሎልኛልና ስሞት ሥራ አትፍቱ አለቻቸው። እትዬ ቪሲታሲዮን እምቢ አሉ፤ የፊተኛው ለዚያች ለማናውቃት ለሌዮንስያ ይሁን፣ ምናልባት የሚደውልላት አልነበረም አሉ። እማዬም አሰበችና ይሁን አለች።

ከዚያ በምላሷ መቀለዷ ቀረ። ተመልሰን ቤት ስትገባ ቀለምና ወረቀት አውጪ አለችኝ። እንዳለችው እጽፍልሃለሁ፣ አንዲት ቃል አልጨመርኩም።

«በሕይወት ካለ ይጻፍልኝ፤ አንድ መስመርም ይበቃኛል። ከሌለ ግን አትደብቁኝ። ሦስቱን የምደውለው እኔ ነኝ።»

ለኔሊዳ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ለታላቁ ልጅህ ለኦራስዮ፣ ለትንሿም ለሚርታ፣ አክስታችሁ ሳቱርያ ትስማችኋለች በልልኝ። ፊደንስዮ እጅ ይነሣል፤ ብስክሌቱ ፍሬኑን አጥቶ እንደተመለሰ ንገሪልኝ ብሏል። እትዬ ቪሲታሲዮንም ሳያውቁህ ሰላም ብለውሃል። ኔሊዳ ሆይ፣ ይህን የምታነቢው አንቺ ከሆንሽ ደግሞ አትፍሪን፣ እውነቱን ጻፊልን፤ እማዬ ትችለዋለች። አንተ ከሆንክ ግን፣ አኪሊኖ፣ ወረቀቱን ሳታስቀምጥ ብዕር አንሣ፤ እኔ ግንቡ ላይ ቆሜ አለ ብያለሁና።

ታናሽ እህትህ ሳቱርያ

ኦርታሴካ፣ ሴፕቴምበር 29 ቀን 1986፣ የቅዱስ ሚካኤል ዕለት