ጫልቱ የመኪናዬን ኮፈን የከፈተችበት ሳምንት

ማክሰኞ

ዛሬም መኪናዬ ወለንጪቲ መግቢያ ላይ ቆመችብኝ። በዚህ ወር ሦስተኛ ጊዜዋ ነው። የጅቡቲ ተሳቢዎች በጎኔ እያለፉ አቧራ ሲያለብሱኝ፣ እኔ ኮፈኑን ከፍቼ እሳት የሚሰጣትን የዲስትሪቡተሩን ኮንታክት በብርጭቆ ወረቀት እፈትጋለሁ። አንዱ ባጃጅ ነጂ፣ «ጋሼ፣ ሙዚየም ያስገቧት!» ብሎኝ አለፈ።

ይህችን ባለ ሁለት ወንበር ቀይ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና የገዛኋት የዛሬ ሠላሳ ዓመት ነው፤ ጂኦግራፊ ሳስተምር፣ ወደ አገሩ ከሚመለስ ፈረንጅ። ባለቤቴ ጫልቱ «ጣውንቴ» ነው የምትላት። ቤት ስገባ ጥቁር እጄን አይታ፣ «ዛሬም እሷ ጋ ዋልክ? ሽጣትና እንረፍ» አለች።

ቆርጫለሁ፣ ትሸጣለች። ከአዲስ አበባ የሚፈልጋት ሰው ነበር፤ ደወልኩለት፤ ቅዳሜ ይመጣል። ግን እየተገፋች ከግቢዬ አትወጣም። ልጃችን ከዱባይ የላከችልኝ የኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ካርቶኑ ውስጥ ዓመት ተኝቷል። ነገ እገጥመዋለሁ።

ረቡዕ

ካርቶኑን ከፈትኩ። የክብሪት ቀፎ የምታህል ጥቁር ዕቃ፣ የማግኔት ቀለበት፣ ሁለት ሽቦ፤ ቀይና ጥቁር። ይኸው ነው! ኮንታክቱ ይወጣል፣ ይህች ትገባለች። ከእንግዲህ መፈተግ የለም፤ ክፍተት መለካት የለም።

አሮጌውን ኮንታክት ፈትቼ ግን አልጣልኩትም፤ በጨርቅ ጠቀለልኩት።

ቀዩን ሽቦ ላስር ስል ጫልቱ ከኋላዬ፣ «ቆይ!» አለች። «የመኪናህ ባትሪ ፖዘቲቩ ነው ቦዲው ላይ የታሰረው። መመሪያው ደግሞ ኔጋቲቩ ይሁን ይላል። እንዲህ ካሰርከው ይቃጠላል።»

ሃያ ስድስት ዓመት የስልክ ቴክኒሺያን ሆና ሠርታለች። ሆኖም ስለ መኪናዬ አንድም ቀን አማክሬያት አላውቅም። «ከመቼ ወዲህ ነው መካኒክ የሆንሽው?» አልኳት። የመመሪያውን ወረቀት አቀብላኝ ሄደች። መነጽሬን አድርጌ አነበብኩት።

እውነቷን ነው።

ሐሙስ

ቁርስ ላይ ይቅርታ ጠየቅኳት። «እሺ፣ ካቻቢቴውን ስጠኝ» አለች። በቃ።

እሷ የሠራችው፦ የባትሪውን ገመዶች አቀያየረች፤ የኮይሉንም ሽቦዎች እንዲሁ። ከዲናሞው የመጣውን አንዱን ሽቦ ከባትሪው ጋር ለቅጽበት አነካካች፤ ቺስ አለ፤ «አሁን አዲሱን የኤሌክትሪክ አቅጣጫ ለመደ» አለች። ማግኔቱን አጠለቀች፤ ጥቁሩን ዕቃ ገጠመች።

እኔ የሠራሁት፦ ብሎን ያዝኩ። ሁለቱን ጣልኩ። በመጨረሻ የዲስትሪቡተሩን ክዳን ዘጋሁ።

ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሩ ይዞራል፣ አይነሳም። አሥር ጊዜ ሞከርን። «አቃጠልኩት መሰለኝ» አለች ጫልቱ፤ ፊቷ ጠቆረ። ያለን ይኸው አንዱ ብቻ ነው።

ዓርብ

የሥራ ሸሚዜን ሳነሳ ኪሱ ውስጥ አንድ ጠንካራ ነገር ነካኝ። ሮተሩ! ብልጭታውን ለአራቱም ካንዴላ የሚያዳርሰው ቁራጭ። ረቡዕ ኮንታክቱን ስፈታ አውጥቼ እዚያው ረሳሁት።

እውነቱን ልጻፍ፦ ሳታየኝ ልመልሰው በር ድረስ ሄጃለሁ። ግን የትናንት ፊቷ ትዝ አለኝ። ጥፋቱ የራሷ መስሏት ነው ያደረችው። ተመልሼ መዳፌ ላይ አድርጌ አሳየኋት።

አየችው። አየችኝ። ከዚያ ወንበሩ ላይ ቁጭ እስክትል ድረስ ሳቀች። «ወይኔ ግርማ! አንተን ብሎ አስተማሪ!» ዕንባዋን ጠርጋ፣ በኦሮምኛዋ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ና!» እያለች እጄን ይዛ ጎተተችኝ።

ሮተሩን ቦታው መለስኩት። መኪናዋ በመጀመሪያው ቁልፍ ተነሳች! ሳታስል፣ ሳትንተባተብ። የጎረቤት ዶሮዎች ተበታተኑ። ጫልቱ እንደ ልጅ አጨበጨበች።

ቅዳሜ

ገዢው አራት ሰዓት ላይ መጣ። ጨዋ ሰው ነው። አስነሳሁለት። ጆሮውን አቁሞ ሰማና፣ «እወስዳታለሁ» አለ። አፌን ስከፍት ጫልቱ ከበረንዳው ቀደመችኝ።

«የምትሸጥ አይደለችም፣ ወንድሜ።»

«እማማ፣ ጋሼ እኮ ራሳቸው ደውለውልኝ...»

«ያኔ አትነሳም ነበር። ምሳ ሳትበላ ግን አትሄድም።»

ምሳውን በልቶ፣ መርቆን ሄደ። በሩን ዘግቼ፣ «ሽጣት፣ ሽጣት ስትይኝ አልነበር?» አልኳት።

«ያኔ ያንተ ነበረች» አለችኝ።

እሑድ

ጣሪያዋን ገልጠን ዝዋይ ዓሣ ልንበላ ወጣን። ሞጆ ላይ፣ «ውረድ፣ ተራዬ ነው» አለች። በገዛ መኪናዬ ጎን ወንበር ተቀምጬ አላውቅም ነበር። ከእኔ ይልቅ ቀስ ብላ ማርሽ ትለውጣለች፤ ከእኔ ይልቅ ፈጥና ትነዳለች። ዓሣውን በልተን ልንመለስ ስንል፣ «ትንሽ ወደፊት ብቻ» አለች።

ቡልቡላ ስንደርስ ሐብሐብ ልንገዛ ሞተሩን አጠፋን። ድሮ እንዲህ ከጋለች ጨርሶ አትነሳም ነበር። ጫልቱ ቁልፉን አዞረች። ተነሳች። «ሻሸመኔ ስንት ይቀራል?» አለችኝ።

ይህን የምጽፈው ሻሸመኔ፣ ሆቴል ክፍል ውስጥ ነው። ገና አልመሸም። የጥርስ ብሩሽ እንኳ አልያዝንም። ጫልቱ ፊቷን እየታጠበች ታንጎራጉራለች። የመኪናው ቁልፍ በእጅ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ነገ ወዴት እንደምንሄድ ግን እስካሁን አልነገረችኝም።